ስለ ልብ ሕመምና ስለ አስታማሚ ጥያቄ

በቋንቋችን ውስጥ ልብ የሚለውን ቃል ያህል ብዙ ሥራ ያለበት ቃል ጥቂት ነው። ደፋሩን ሰው ልበ ሙሉ እንለዋለን፤ ታጋሹን ልበ ሰፊ፥ ቂመኛውን ልበ ጥቁር፥ ዝንጉውን ልበ ቢስ እንለዋለን። ነገርን እንዲያስተውል የምንሻውንም ሰው ልብ በል ብለን እንመክረዋለን። ነገር ግን ስለ ሐሳብ ልብ ይህን ያህል ስንናገር፥ በደረታችን ውስጥ ቀንና ሌሊት ስለሚደክመው ስለ ሥጋው ልብ የምናውቀው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህም ይህ ልብ በታመመ ጊዜ ሕመሙን በሌላ ስም እንጠራዋለን። አንዱ ቃር ነው ይላል፤ ሌላው ጨጓራዬ ተነሣብኝ ይላል፤ ሌላው ብርድ መታኝ፥ ውጋት ያዘኝ፥ ምች ነው ይላል። ስሙ ሲሳት መድኃኒቱም ይሳታል፤ በዚህ መካከል የሚያልፈው ሰዓት ግን ተመልሶ አይገኝም።

ልብ የባለቤቱን ጭብጥ የሚያህል ጡንቻ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ 100,000 ጊዜ ያህል እየመታ ለመላው ሰውነት ደም ያድላል። ለሰውነት ሁሉ ቀለብ የሚያከፋፍል በጅሮንድ ነው ብንለው ነገሩን ለማስተዋል ይረዳናል። ይህ በጅሮንድ ግን በእጁ ከሚያልፈው ሀብት እንዳሻው አይወስድም፤ የራሱን ድርሻ የሚቀበለው በላዩ ላይ በተዘረጉት ቀጫጭን የደም ሥሮች በኩል ብቻ ነው። በብዙ ዓመታት ውስጥ በእነዚህ ሥሮች ግድግዳ ስብ እየተጠራቀመ መንገዱን ያጠበዋል። አንድ ቀን ያ የተጠራቀመው ስብ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም ላይ ደም ይረጋበትና ሥሩን ይዘጋዋል። ያን ጊዜ ከመዘጊያው ወዲያ ያለው የልብ ሥጋ ቀለቡ ይቋረጥበታል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ሥጋው መሞት ይጀምራል፤ መዘጊያው ካልተከፈተ ጥፋቱ በሚከተሉት ሰዓቶች እየሰፋ ይሄዳል። የሞተው የልብ ሥጋ እንደ ገና አይበቅልም፤ በስፍራው ጠባሳ ይተካል እንጂ። እንግዲህ በቤት ውስጥ ተቀምጠን የምናሳልፈው እያንዳንዱ ሰዓት ከልብ ላይ የሚቆረስ ነው ማለት ነው።

ስለ ሐኪሞች ጥበብ ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ ወደ ፊትም ይጻፋል። እኔ ግን ዛሬ ልጽፍ የፈለግሁት ነርስ ወይም ሲስተር እያልን ስለምንጠራት ስለ አስታማሚዋ ሥራ ነው። ይህንንም የምጽፍበት ምክንያት ከጥቂት ዓመታት በፊት የእናቴ ታላቅ ወንድም በዚህ ሕመም በተያዙ ጊዜ፥ የመጀመሪያው መድኃኒት ጥያቄ መሆኑን በዓይኔ ስላየሁ ነው።

አጎቴ ረዥም ዘመን በዳኝነት ያገለገሉ፥ ንግግራቸው ጥቂት፥ አቋማቸው ቀጥ ያለ ሰው ናቸው። ሕመሙ የጀመራቸው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ነበር። ደረታቸው ሲከብዳቸው በአልጋቸው ላይ ተነሥተው ተቀመጡ፤ ላብ በግንባራቸው ላይ ወጣ፤ የግራ ክንዳቸውም ደነዘዘ። ባለቤታቸው በነቁ ጊዜ «ትናንት ማታ የበላሁት ሥጋ ነው የከበደኝ፤ ተልባ አምጪልኝ» አሉዋቸው። ተልባው ቀረበ፤ ተጠጣ፤ ክብደቱ ግን ከስፍራው አልተነሣም። ሲነጋ እኔን አስጠሩኝ። እሳቸው «ለዚህ ለትንሽ ነገር ሰው አታስቸግሩ» እያሉ ቢከራከሩም፥ የባለቤታቸው ልመናና እንባ አሸነፋቸውና ረፋዱ 3 ሰዓት ላይ ሆስፒታል ደረስን። ከሕመሙ መነሻ ጀምሮ አራት ሰዓት አልፎ ነበር።

ብዙ ሰው ወረፋ ይጠብቅ ነበር። በመግቢያው ያለችው አስታማሚ ግን መዝገቡን ከማየቷ በፊት የአጎቴን ፊት አየች። ማለዳው ብርዳም ሳለ ግንባራቸው በላብ መራሱን፥ መልካቸውም አመድ መምሰሉን ተመልክታ ወዲያው ተነሥታ እጃቸውን ያዘች። እጃቸው ቀዝቃዛና ወዛም ነበር። ከወረፋው አውጥታ በአልጋ ላይ በትራስ ደግፋ አስቀመጠቻቸው፤ በደረታቸውም ላይ የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት በወረቀት የሚያወጣውን መሣሪያ ገመዶች ታያይዝ ጀመር። በኋላ እንደ ተረዳሁት ደረቱን የታመመ ሰው ሆስፒታል በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይህ ወረቀት ወጥቶ በሐኪም ዓይን እንዲታይ የሕክምና ሕግ ያዝዛል።

አንድ ወጣት ዘመዳችን «ጋሼ፥ ያምዎታል?» ሲል ጠየቃቸው። አጎቴም «አያመኝም» ብለው መለሱ። በእርግጥም አልዋሹም፤ እንደ እርሳቸው ባለ ሰው ዘንድ ሕመም ማለት የሚወጋ፥ የሚቆርጥ፥ የሚያስጮኽ ነገር ነውና። አስታማሚዋ ግን ጥያቄውን ለውጣ «አባቴ፥ ደረትዎ ላይ ምን ይሰማዎታል?» አለቻቸው። አጎቴ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ድንጋይ የተጫነብኝ ይመስለኛል» አሉ። በዚህች በአንዲት ቃል ለውጥ ከአራት ሰዓት ጀምሮ ለማንም ያልተገለጠው ነገር ተገለጠ። ብዙ የልብ ሕመምተኛ ያምሃል ወይ ሲሉት የለም ይላል፤ ከብዶኛል፥ ጨንቆኛል፥ ታፍኛለሁ፥ እንደ መታጠቂያ አጥብቆ ይዞኛል ለማለት ግን አያፍርም። ስለዚህ ያስታመመ ሰው ሁሉ ቃሉን ለሕመምተኛው መተው ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ የጠየቀቻቸውን በተራ እጽፈዋለሁ፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ምክንያት አለውና። መቼ እንደ ጀመራቸው ጠየቀች፤ ይህም የተዘጋውን ሥር ለመክፈት የቀረውን ጊዜ ሐኪሙ እንዲያውቅ ነው። ሲጀምራቸው ምን ይሠሩ እንደ ነበር ጠየቀች፤ በእንቅልፍ ወይም በዕረፍት ላይ ሳሉ የሚመጣና ዐርፈውም የማይለቅ ክብደት፥ በዳገት ላይ መጥቶ ሲቀመጡ ከሚለቀው ይልቅ አስጊ ነውና። ወዴት እንደሚሄድ ጠየቀች፤ የልብ ሕመም ወደ ክንድ፥ ወደ ትከሻ፥ ወደ አንገት፥ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ ሊዘልቅ ይችላልና። ትንፋሽ ሲስቡ ወይም ደረታቸው ሲነካ ይብስባቸው እንደ ሆነ ጠየቀች፤ እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ የሳንባ ሽፋን ወይም የጡንቻ ሕመም ሊሆን ይችላልና። ማቅለሽለሽ፥ ማስመለስ፥ የትንፋሽ ማጠር፥ ራስን መሳት ነበረ ወይ ብላ ጠየቀች። የደም ግፊት፥ የስኳር በሽታ፥ ትንባሆ ማጨስ፥ በወላጆችና በወንድሞች ዘንድ ድንገተኛ ሞት ኖሮ እንደ ሆነ ጠየቀች። በመጨረሻም በየቀኑ የሚወስዱትን መድኃኒት፥ የማይስማማቸውን መድኃኒት፥ ከሆድም ደም ፈሷቸው ያውቅ እንደ ሆነ ጠየቀች፤ ደምን የሚያቀጥን መድኃኒት ሊሰጣቸው ነውና።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ለአጎቴ እንግዳ የሆነባቸው «ክብደቱን ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር ቢመዝኑት ስንት ይሆናል?» የሚለው ነበር። «ልጄ፥ ሕመም በቁጥር ይመዘናልን?» አሉዋት። እርስዋም «አባቴ፥ የእርስዎን ሕመም እኔ ልመዝነው አልችልም፤ አሁን የሚሰጡኝን ቁጥር ከመድኃኒቱ በኋላ ከሚሰጡኝ ጋር ሳስተያየው ግን መድኃኒቱ መሥራቱን ዐውቃለሁ» ብላ መለሰችላቸው። ምክንያቱን በሰሙ ጊዜ «8 ነው» አሉ። ባለቤታቸው ይህን ሲሰሙ አለቀሱ፤ ሌሊቱን ሙሉ ምንም አይደለም ሲባሉ አድረው ነበርና።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። አስታማሚዋ በመካከሉ እኛን ዘመዶቹን በትሕትና ለጥቂት ጊዜ ወደ ውጭ እንድንወጣ ለመነችን። ምን እንደ ጠየቀቻቸው አጎቴ ከዳኑ በኋላ እየሳቁ ነገሩኝ። ለወንድነት ኀይል ተብሎ የሚወሰደውን መድኃኒት በእነዚያ ቀኖች ወስደው እንደ ሆነ ነው የጠየቀቻቸው። ከምላስ በታች የሚቀመጠው ናይትሮግሊሰሪን የተባለው የልብ መድኃኒት ከዚያኛው ጋር በተገናኘ ጊዜ የደምን ግፊት እጅግ ዝቅ አድርጎ ሰውን ሊገድል ይችላል። ሽማግሌ ሰው በልጆቹና በባለቤቱ ፊት እንዲህ ያለውን ነገር አይመልስም። ስለዚህ ሰውን ለይቶ፥ ክብሩን ጠብቆ መጠየቅ ራሱ ትልቅ ሙያ ነው።

ወዲያው በሐኪሙ ትእዛዝ አስፒሪን አኘኩ፤ የሚታኘክበት ምክንያት ተውጦ እስኪሟሟ ከመጠበቅ ይልቅ ፈጥኖ ወደ ደም እንዲገባ ነው። ግፊታቸው በሁለቱም ክንድ ተለካ፤ ከደማቸውም ተቀድቶ የልብ ሥጋ ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስሰው ትሮፖኒን የተባለው ነገር ተመረመረ። ይህ ነገር በደም ውስጥ የሚታየው ከጥቂት ሰዓቶች በኋላ ስለ ሆነ ምርመራው ይደገማል። ኦክሲጅን ለምን አልተሰጣቸውም ብዬ ብጠይቅ፥ በደማቸው ያለው መጠን በቂ መሆኑን መሣሪያው እንደሚያሳይ፥ መጠኑ ከመቶ 90 በታች ላልወረደ ሰው መስጠቱ እንደማይጠቅም ነገሩኝ። ከዚህ በኋላ በእጃቸው ሥር በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው የተዘጋውን ሥር ከፈቱ፤ ሥሩም እንደ ገና እንዳይጠብብ ስቴንት የሚባለውን የሽቦ ወንፊት የመሰለ ነገር በውስጡ አኖሩ። በፊኛ የልብን ሥር የመክፈት ጥበብ በ1977 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በዙሪክ ከተማ በዶክተር አንድሪያስ ግሩንትሲግ የተጀመረ ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ በሌለበት ስፍራ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት በመርፌ ይሰጣል፤ ይህም የሚረዳው ፈጥኖ ለደረሰ ሰው ነው። ማታ ላይ አስታማሚዋ እንደ ገና ቁጥር በጠየቀቻቸው ጊዜ አጎቴ «1» አሉዋት።

ይህ ሁሉ ዕውቀት የተገኘው በቅርብ ዘመን ነው። የቺካጎው ሐኪም ዶክተር ጄምስ ሄሪክ ሰው የልቡ ሥር ተዘግቶበት ወዲያውኑ ሳይሞት ሊቆይ፥ ሊድንም እንደሚችል በ1912 ጽፈው አስረዱ። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን መድኃኒቱ ዕረፍት ብቻ ነበር፤ ሕመምተኛው ለሳምንታት ከአልጋ እንዳይነሣ ይከለከል ነበር። በ1952 ዶክተር ሳሙኤል ሌቪንና ዶክተር በርናርድ ላውን ሕመምተኛውን ቀደም ብሎ በወንበር ላይ ማስቀመጥ እንደሚሻል ጻፉ። በ1962 ደግሞ በአሜሪካ በካንሳስ ከተማ ዶክተር ሂዩዝ ዴይ ለልብ ሕመምተኞች የተለየ ክፍል አቋቋሙ። በእንዲህ ያሉት ክፍሎች የሚያድረው ዘበኛ አስታማሚዋ ሆነች። የልብን ምት በመሣሪያ እያየች ትጠብቃለች፤ ምቱ በተዛባ ጊዜ ሐኪም እስኪመጣ ሳትጠብቅ በኤሌክትሪክ ኀይል እንድትመልሰው ሥልጣን ተሰጣት። እነዚህ ክፍሎች ከተስፋፉ በኋላ በሆስፒታል ውስጥ በዚህ ሕመም የሚሞተው ሰው ቍጥር በግማሽ ያህል እንደ ቀነሰ በሕክምና መጻሕፍት ተጽፏል።

በዚህ አንጻር የአስታማሚነት ሥራ ዝቅተኛ ሥራ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ የግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን ለንደን ሳሉ የመረጡት ሙያ ይህ እንደ ነበረ ያስታውስ። ልዕልት ፀሐይ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው በ1939 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በነርስነት ተመረቁ፤ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በለቀምት በወጣትነታቸው ዐረፉ፤ በስማቸውም በአዲስ አበባ ሆስፒታል ተሠርቶላቸው ነበር። የንጉሥ ልጅ የሕመምተኛን አልጋ ካነጠፈች፥ እኛ ሴቶች ልጆቻችንንም ሆነ ወንዶች ልጆቻችንን ከዚህ ሥራ የምንከለክልበት ምክንያት የለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር ልመለስ፤ እርሱም ሕመምተኛን ማስተማር ነው። አጎቴ በሆስፒታል በተኙ በሦስተኛው ቀን ዘመድ ሁሉ በበረንዳው ተሰብስቦ ይመክር ጀመር። የብዙዎቹ ምክር «የልብ ሕመም ነው ተብሎ አይነገራቸው፤ ሰው ከሕመሙ ይልቅ በስሙ ይደነግጣል» የሚል ነበር። ይህ ልማዳችን ከርኅራኄ የመነጨ መሆኑን ማንም አይክደውም። ክፉ ወሬን በጊዜውና በወጉ የምናረዳ ሕዝብ ነን። ነገር ግን መርዶ ስለ ሞተ ሰው ነው፤ የሕመም ስም ግን በሕይወት ላለ ሰው የሚያስፈልግ ዕውቀት ነው። አስታማሚዋ ምክራችንን በትዕግሥት ከሰማች በኋላ እንዲህ አለችን፤ «መድኃኒቱን በየማለዳው የሚውጡት እሳቸው ናቸው። ለምን እንደሚውጡት ካላወቁ የተሻላቸው ዕለት ይተዉታል። ስቴንት የገባለት ሰው ደግሞ መድኃኒቱን ከተወ ሥሩ ተመልሶ ሊዘጋ ይችላል።» ለዚህ ቃል ከመካከላችን መልስ ያገኘ አልነበረም።

ነገሩንም የጨረሱት አጎቴ ራሳቸው ናቸው። ሹክሹክታውን ሰምተው ኖሮ አስታማሚዋን አስጠርተው «ልጄ፥ እኔ በዳኝነት ዘመኔ ማንንም ሰው ፍርዱን ሳላነብለት አሰናብቼ አላውቅም፤ የእኔንም አንብቢልኝ» አሉዋት። እርስዋም ወንበር ስባ በፊታቸው ተቀመጠች፤ የልብንም ሥዕል በወረቀት ሥላ የተዘጋውን ስፍራ አሳየቻቸው። አልደነገጡም። ይልቁንም ሦስት ቀን ሙሉ በፊታቸው ላይ የነበረው ጥርጣሬ ሲገፈፍ አየሁ። ያልታወቀ ጠላት ከታወቀው ይልቅ ያስፈራልና።

ሕመምተኛን በግልጥ ማስተማር ለሌላው ሕዝብም እንደሚበጅ አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር፥ በ1954 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን በዋሽንግተን የተቀበሉት ማለት ነው፥ በመስከረም 1955 በዴንቨር ከተማ ሳሉ በሌሊት ደረታቸውን ታመሙ። በመጀመሪያ የሆድ ሕመም ነው ተብሎ ተወራ፤ በኋላ ግን የልብ ሕመም መሆኑ ታወቀ። ከቦስተን የተጠሩት ዶክተር ፖል ዳድሊ ዋይት በጋዜጠኞች ፊት ተቀምጠው ሕመሙ ምን እንደ ሆነ፥ ልብ እንዴት እንደሚጎዳ፥ እንዴትም እንደሚጠገን ሳይደብቁ ለሕዝቡ አስረዱ። ብዙ ሰው የልብ ሕመም ማለት የሥራ ዘመን ፍጻሜ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ተማረ። ፕሬዚዳንቱም በሚከተለው ዓመት እንደ ገና ተመርጠው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ የሞቱትም በ1969 ነው። በዚህ ታሪክ ልብ እንድንለው የሚገባን፥ ታላላቅ ሐኪሞች በአጠገቡ ያሉት ሰው እንኳ ሕመሙ በሆድ ሕመም ሊሳትበት መቻሉ ነው።

አስታማሚዋ አጎቴን ያስተማረችበት መንገድ የሚያስመሰግን ነበር። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ አልጫነችባቸውም፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ነገረቻቸው። ከነገረቻቸውም በኋላ «ገባዎት ወይ?» ብላ አትጠይቅም ነበር፤ እንዲህ ሲባል ሁሉም ገብቶኛል ይላልና። «ይህን ነገር ለባለቤትዎ ቢያስረዱዋቸው እንዴት አድርገው ይነግሩዋቸዋል?» ትላለች። አጎቴም ጉሮሮአቸውን ጠርገው እንደ ፍርድ ቃል አንደኛ፥ ሁለተኛ እያሉ ይዘረዝሩ ነበር። የተሳሳቱትን ታርመዋለች፤ ያልተረዱትን ትደግመዋለች። በዚህ ዐይነት ተማሪው አስተማሪ ሆነ፤ ባለቤታቸውም አብረው ተማሩ።

ከትምህርቱ ዋና ዋናውን ለቤተ ሰብ ሁሉ ይጠቅማል ብዬ እጽፈዋለሁ። መድኃኒት ሕመም ሲሰማ ብቻ የሚወሰድ አይደለም፤ ደምን የሚያቀጥነው፥ ስብን የሚያወርደው፥ የልብን ምት የሚያረጋጋው ሁሉ የተሻለው ሰውም በየቀኑ የሚወስደው ነው። ስቴንት ለገባለት ሰው ደምን የሚያቀጥኑት ሁለቱ መድኃኒቶች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ያህል አብረው ይወሰዳሉ፤ ጥርሱን ሊያስነቅል እንኳ ቢፈልግ ለልብ ሐኪሙ ሳይነግር ማቋረጥ የለበትም። ጾመኛ የሆነም ሰው መድኃኒቱን በገዛ ሥልጣኑ ከመተው ይልቅ ሰዓቱ እንዴት እንደሚስተካከል ከሐኪሙ ጋር መነጋገር፥ ከንስሐ አባቱም ጋር መማከር ይገባዋል። ጸበል የሚጠመቅም ሰው ቢሆን መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይጠመቅ።

ስለ ምግብ ያለው ትምህርት በቤታችን ክርክር አስነሥቶ ነበር። በአገራችን ልማድ ከሕመም የተነሣ ሰው በቅቤ በራሰ ገንፎና በሰባ በግ መረቅ ይጠገናል። ለወላድና ለቆሰለ ሰው የታሰበው ይህ እንክብካቤ ግን ለልብ ሕመምተኛ ጉዳት ነው፤ ሥሩን ያጠበበው ስብ ነውና። የአጎቴ ባለቤት «እንግዲህ በምን ላስታምማቸው?» ብለው አዘኑ። አስታማሚዋም የጾሙን ገበታ አስታወሰቻቸው፤ ምስሩ፥ ሽሮው፥ ጎመኑ፥ ዓሣው ዘይቱና ጨው ከተቀነሰ ለልብ የሚስማማ ምግብ ነው አለቻቸው። እመቤቲቱ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ ከቤታቸው ሙያ ሳይወጡ ባላቸውን የሚያስታምሙበት መንገድ ተገኝቶአልና።

ትንባሆ ፈጽሞ መተው አለበት፤ ለልብ ሕመምተኛ ጥቂት ማጨስ የሚባል የለም። ጫትም ቢሆን የልብን ምት የሚያፋጥን፥ የደምን ግፊት ከፍ የሚያደርግ፥ ሥርንም የሚያጠብብ ነገር በውስጡ ስላለ ለልብ ሕመምተኛ አይገባም። መራመድ ግን መድኃኒት ነው፤ በመጀመሪያ በቤት ውስጥ ጥቂት ደቂቃ፥ ከዚያም በሜዳ ላይ እየጨመሩ መሄድ ይገባል። ስለ ትዳር ኑሮም ሕመምተኛው ማፍር የለበትም፤ ደረጃ ያለ ትንፋሽ ማጠርና ያለ ደረት መክበድ መውጣት የቻለ ሰው ወደ ልማዱ መመለስ እንደሚችል አብዛኛውን ጊዜ ይነገረዋል፤ ሐኪሙን ግን አስቀድሞ ይጠይቅ። ከዚህ ሕመም የተነሣ ሰው ሊያዝን፥ ሊቆጣ፥ እንቅልፍ ሊያጣ ይችላል፤ ይህ የጠባይ መበላሸት ሳይሆን ከሕመሙ ጋር የሚመጣ ስለ ሆነ ለሐኪም መነገር አለበት።

ሕመምተኛን መጠየቅ ከመልካሞቹ ልማዶቻችን አንዱ ነው፤ ማንም እንዲቀር አልሻም። ነገር ግን በአጎቴ አልጋ ዙሪያ 15 ሰው በአንድ ጊዜ ተቀምጦ፥ አንዱ በዚሁ ሕመም ስለ ሞተ ዘመድ ሲተርክ፥ ሌላው የርስት ክርክር ሲያነሣ አይቻለሁ። ያን ጊዜ በመሣሪያው ላይ የልባቸው ምት ሲፈጥን ይታይ ነበር። ስለዚህ ጠያቂ ጥቂት ጥቂት ሆኖ ይግባ፤ አጭር ጊዜ ይቀመጥ፤ የሙግትና የሞት ወሬ በደጅ ይቅር።

የቤተ ሰብ አለቆች የሆናችሁ አንባቢዎች፥ ከዚህ በታች ያለውን በቤታችሁ ላሉት ሁሉ እንድታስተምሩ እለምናችኋለሁ።

1ኛ. ደረቱ የከበደው፥ የተጨነቀው ወይም የታፈነ ሰው፥ ይልቁንም ላብና የትንፋሽ ማጠር ቢጨመርበት፥ ተልባና ዝንጅብል እየጠጣ አይጠብቅ፤ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

2ኛ. ሴቶች፥ ሽማግሎችና የስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች ያለ ደረት ሕመም በድካም፥ በማቅለሽለሽ፥ በትንፋሽ ማጠር ወይም በመንጋጋና በጀርባ ሕመም ብቻ ሊያዙ ይችላሉ። ሴት አይያዛትም ማለት ትልቅ ስሕተት ነው።

3ኛ. ሕመምተኛው መኪና አይንዳ፤ ደረጃም አይውጣ። ተቀምጦ ይረፍ። አስፒሪን የሚጠላ ሰውነት ከሌለውና ደም የሚፈስሰው ካልሆነ፥ የሕክምና ሰው በስልክ ቢያዝዘው ከ160 እስከ 325 ሚሊግራም ያኝክ።

4ኛ. ከምላስ በታች የሚቀመጥ መድኃኒት የተሰጠው ሰው ሕመሙ ሲመለስበት ተቀምጦ አንዱን ያድርግ፤ በ5 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለው አምቡላንስ ይጠራ። የአምቡላንሱ ቁጥር በቤት ውስጥ በሚታይ ስፍራ ተጽፎ ይቀመጥ።

5ኛ. ሰው ወድቆ ባይነቃና በወጉ ባይተነፍስ፥ እርዳታ እስኪደርስ ድረስ የደረቱን መካከል በሁለት እጅ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ አጥብቆ መጫን ይገባል። ይህን ሙያ ከቤተ ሰቡ አንድ ሰው እንኳ ቢማር መልካም ነው።

6ኛ. ሕመምተኛው የሚወስደው መድኃኒት ሁሉ ስሙና መጠኑ በአንድ ወረቀት ተጽፎ በኪሱ ይኑር።

ልጆቻችን ወላጆቻቸውን «ደኅና አደሩ?» ብለው ሲጠይቁ፥ ወላጆችም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ሲመልሱ፥ ብዙ ጊዜ በዚህ መልካም ሰላምታ ውስጥ ሕመም ይደበቃል። ሰላምታውን ሳንተው አንዲት ጥያቄ እንጨምርበት፤ ምን እንደሚሰማቸው በራሳቸው ቃል እንዲነግሩን እንጠይቃቸው፤ መልሱንም ሳንቸኩል እንስማ። ለታመመውም ሰው የሕመሙን ስም አንሰውርበት፤ አጎቴ ዛሬም በየማለዳው መድኃኒታቸውን ከወሰዱ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል የሚራመዱት ፍርዳቸው ስለ ተነበበላቸው ነውና።